ቺፑዱ ለምን መሃሉ ላይ ተሰነጠቀ?

ፕሬሱ ሲከፈት «ጧ!» ካለ ቦርዱ ውስጥ ውስጡን ተላጧል። ብዙ ጊዜ ጣት የሚቀሰረው ሙጫው ላይ ነው፤ እኔ ግን ቀድሜ የምጠይቀው ስለ እንፋሎቱ ነው።

ሙጫ የተረጨበት የእንጨት ፍርፋሪ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በጋሉ ሁለት ብረቶች መካከል ይጨመቃል። በፊቱ ላይ ያለው እርጥበት ወዲያው ይተናል። ከላይም ከታችም ብረት ስለሆነ ወደ ቀዝቃዛው መሃል ይሸሻል፤ እዚያም ተመልሶ ውሃ እየሆነ ሙቀቱን ይለቃል። መሃሉ ቶሎ የሚሞቀው በዚህ ነው፤ እንፋሎት ጠላት ብቻ አይደለም። መሃሉ ከ100 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ግን የቀረው መውጫ በጎን ወደ ጠርዝ ነው። እንጀራ ዓይን አለው፣ ቺፑድ የለውም!

እርጥበት ባለበት መሃል ሙቀቱ 120 ዲግሪ ሲደርስ የእንፋሎቱ ግፊት 2 ባር ገደማ ይሆናል፤ የውጭው አየር 1 ባር ብቻ ነው። ፕሬሱ ተዘግቶ ሳለ ብረቱ ይይዘዋል። ሲከፈት ግን የሚይዘው ሙጫው ብቻ ነው፣ እሱም ገና ትኩስ ነው። ከጠርዝ የራቀው መሃል ቀድሞ የሚላቀቀውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሙጫ ከመጨመራችሁ በፊት የፍርፋሪውን እርጥበት ለኩ። ደቃቅ ብናኝ የበዛበት ወይም በጣም የታመቀ ቦርድ እንፋሎት አያሳልፍም። ፕሬሱንም በአንዴ አትልቀቁት፤ ቀስ በቀስ ይተንፍስ። (የምርት ኃላፊው በሰዓት እንደሚያሯሩጣችሁ አውቃለሁ።) እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ ከግፊት መለኪያ ጋር የተያያዘ ቀጭን የብረት ቱቦ መሃሉ ላይ ቅበሩና ንባቡ ሲወርድ ክፈቱ።