ካሜራው አይቷል፤ ሳጥኑስ የት አለ?

ስለ ቤት ጥበቃ ካሜራ መቅጃ ተረትና እውነታ

በአዲስ አበባ የግቢ አጥር ላይ ካሜራ ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ባለቤቱ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ተቀምጦ የቤቱን በር በስልኩ ይመለከታል። ሲገዛ የሚጨነቀው ስለ ካሜራው ጥራትና ብዛት ነው። ምስሉን የሚያከማቸው መቅጃ ግን ከተገጠመ ወዲያ አስታዋሽ የለውም። ዲቪአር የሚባለው መቅጃ የአናሎግ ካሜራዎችን ምስል በኮአክሲያል ገመድ ይቀበላል፤ ኤንቪአር ደግሞ የአይፒ ካሜራዎችን በኔትወርክ ገመድ። ሌባ ገብቶ ከወጣ በኋላ የሚፈለገው ማስረጃ ያለው እዚህ ሳጥን ውስጥ ስለሆነ፣ በሰው አፍ የሚዞሩትን ሰባት አባባሎች እንፈትሽ።

ተረት 1፦ «ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ቢቀመጥ ይመቻል»

እውነታው፦ ለባለቤቱ የተመቸ ቦታ ለሌባም ይመቸዋል። እንዲህ ባለው ሥርዓት ካሜራዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በራሳቸው የሚያስቀሩት ነገር የለም፤ ያዩት ሁሉ የሚጠራቀመው በመቅጃው ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ሌባው ቴሌቪዥኑን ሲነቅል ሳጥኑንም ካነሣው፣ ስምንት ካሜራ ቢኖርም ማስረጃው አብሮት ይሄዳል። መቅጃው ስክሪን የግድ የሚያስፈልገው ሲገጠም ነው፤ ከዚያ በኋላ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ማየት ይቻላል። ስለዚህ ከመግቢያው የራቀና የሚቆለፍ ክፍል ይመረጥ። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ስለሚያገለግል፣ ኤንቪአር የገዛ ሰው ሳጥኑን ሌላ ፎቅ ላይ ማድረግ አያቅተውም። በዋናው በር ላይ ያለው ካሜራ ሜሞሪ ካርድ የሚቀበል ዓይነት ከሆነ ደግሞ፣ ሳጥኑ ቢሰረቅ እንኳ አንድ ቅጂ ይተርፋል።

ተረት 2፦ «ኮርኒስ ውስጥ ከተደበቀ ማንም አያገኘውም»

እውነታው፦ መደበቁ መልካም ነው፤ አፍኖ መደበቅ ግን ዲስኩን ይጎዳል። መቅጃ ሌት ተቀን የሚጽፍ፣ ሲጽፍም የሚሞቅ ዕቃ ነው። ከሰዓት በኋላ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለውን ሙቀት ኮርኒስ ከፍቶ ያየ ያውቀዋል፤ አቧራው ሲጨመርበት ማራገቢያው ይታፈናል። ቁም ሳጥን ውስጥ በልብስ ተከቦ ቢቀመጥም ያው ነው። የሚሻለው ቀዝቀዝ ያለ፣ ደረቅና አየር የሚያልፍበት ቦታ ነው። በብረት ሳጥን ውስጥ የሚቆለፍ ከሆነ ሳጥኑ ግራና ቀኙ ቀዳዳ ይኑረው። ዲስኩም ለካሜራ ቀረጻ ተብሎ የተሠራ ይሁን፤ ከአሮጌ ኮምፒውተር የተፈታ ዲስክ ያለ ዕረፍት ለመጻፍ የታሰበ አይደለም።

ተረት 3፦ «ኢንተርኔት ከሌለ አይቀዳም»

እውነታው፦ መቅጃው የሚጽፈው እዚያው ቤት ውስጥ ባለው ዲስክ ላይ ስለሆነ ኢንተርኔት ቢቋረጥም መቅዳቱን ይቀጥላል። የሚቀረው ከሩቅ ማየትና በስልክ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ነው። (ምስሉን በኢንተርኔት ብቻ የሚያከማቹ የዋይፋይ ካሜራዎች ግን ሌላ ነገር ናቸው።) ቀረጻው የሚቆመው መብራት ሲጠፋ ነው። ለዚህ ዩፒኤስ ይገዛል፤ ነገር ግን ብዙ ቤት መቅጃው ብቻ ይሰካበትና የካሜራዎቹ ፓወር ሰፕላይና ራውተሩ ይረሳሉ። ያን ጊዜ መቅጃው ነቅቶ ጨለማ ይቀዳል። 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት የሆነ የትንሽ ዩፒኤስ ባትሪ የሚይዘው 84 ዋት ሰዓት ነው። መቅጃው፣ ራውተሩና አራት ካሜራ ተደምረው 45 ዋት ያህል ቢወስዱ፣ በሒሳብ ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ተረት 4፦ «የወራት ምስል ተቀምጧል»

እውነታው፦ ዲስኩ ሲሞላ መቅጃው አሮጌውን እያጠፋ በላዩ ይጽፋል። አንድ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ከላከ በቀን 43 ጊጋባይት ያህል ይሞላል፤ አራት ካሜራ 173 ይሆናል። 1 ቴራባይት ዲስክ እንግዲህ ስድስት ቀን እንኳ አይደርስም። ለበዓል ከውጭ የመጣ ሰው ከሦስት ሳምንት በፊት የሆነውን ልይ ቢል የሚያገኘው ነገር የለም። መፍትሔው ዲስክ ማሳደግ፣ ኤች 265 የተባለውን ምስል መጭመቂያ መምረጥ፣ ወይም እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀዳ ማድረግ ነው።

ተረት 5፦ «ቀንና ሰዓቱ ስለተጻፈበት አያከራክርም»

እውነታው፦ ሰዓቱ ትክክል የሚሆነው ያስተካከለው ሰው ካለ ነው። ጎረቤት «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ድምፅ ሰማሁ» ቢል መቅጃው ላይ የሚፈለገው 02:00 ነው። ያው ደቂቃ ዋሽንግተን ላለው ባለቤት የዋዜማው ምሽት ነው፤ እንደ ወቅቱ 18:00 ወይም 19:00 ይላል። ስለዚህ መቅጃው በጂኤምቲ +3 ይሞላ፤ ኢትዮጵያ ሰዓቷን በበጋና በክረምት ስለማትቀያይር ያን የሚቀያይረው ምርጫ ይዘጋ፤ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲያስተካክልም ይታዘዝ።

ተረት 6፦ «የእኔን ቤት ካሜራ ማን ይፈልገዋል?»

እውነታው፦ የእርስዎን ቤት ለይቶ የሚፈልግ ሰው ላይኖር ይችላል፤ ያልተቆለፈን መሣሪያ ሁሉ የሚፈልግ ፕሮግራም ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታየው ሚራይ የተባለው ቫይረስ ኢንተርኔቱን እያሰሰ፣ ከፋብሪካ የወጡ የታወቁ ስሞችና የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ ካሜራ፣ መቅጃና ራውተር ይይዝ ነበር። የሞከራቸው የስምና የይለፍ ቃል ጥንዶች ስድሳ ያህል ብቻ ሲሆኑ እጅግ ብዙ መሣሪያ ለመያዝ በቅተውታል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን በእነዚህ መሣሪያዎች አማካይነት ዳይን በተባለ፣ የድረ ገጾችን አድራሻ በሚያገናኝ የአሜሪካ ኩባንያ ላይ በተከፈተ ጥቃት ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ድረ ገጾች ለሰዓታት ተስተጓጉለዋል። የመቅጃዎቹ ባለቤቶች ምንም አላወቁም፤ ሳጥናቸው ቀኑን ሙሉ ሥራውን ሲሠራ ነበር የዋለው።

የይለፍ ቃል መቀየርም ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2021 በሂክቪዥን ካሜራዎችና በአንዳንድ መቅጃዎቹ ላይ የተገኘው ክፍተት ያለ ምንም የይለፍ ቃል የሚያስገባ ነበር። ኩባንያው ማስተካከያ አውጥቷል፤ መቅጃው ላይ ካልተጫነ ግን ማስተካከያው ባለቤቱን አይጠቅመውም። የመቅጃውን ሶፍትዌር ማደስ የሥራው አካል ነው።

ተረት 7፦ «ከሩቅ ለማየት ራውተሩ ላይ ፖርት መክፈት ግድ ነው»

እውነታው፦ ይህ የቀድሞ ልማድ ነው። ፖርት መክፈት ማለት መቅጃውን ለእርስዎ ስልክ ብቻ ሳይሆን ለመላው ዓለም ማጋለጥ ነው፤ ከላይ የተነሡት ጥቃቶች የሚገቡትም በዚህ በር ነው። ብዙ ደንበኞች አንድ አድራሻ በሚጋሩበት ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ቢከፈትም አይሠራም። ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ መቅጃዎች ኪውአር ኮዳቸው በስልክ ሲነበብ ይገናኛሉ፤ መቅጃው ራሱ ወደ አምራቹ ሰርቨር ይደውላል፣ ስልኩም እዚያው ያገኘዋል። ቀላል ነው፤ ዋጋው አምራቹን ማመን ነው። ያን የማይፈልግ ሰው፣ ራውተሩ የሚችልና ከውጭ የሚደረስበት አድራሻ ያለው ከሆነ፣ ቪፒኤን ዘርግቶ በእሱ በኩል ይግባ።

እዚህ ላይ የሚታለፍ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ መቅጃውን በስልኩ የሚመዘግበው የገጠመው ባለሙያ ነው። በራሱ አካውንት ከመዘገበው፣ ክፍያውን ተቀብሎ ከሄደ በኋላም የቤቱ ምስል የሚደርሰው በእሱ ፈቃድ ነው። ሰውየው ጨዋ ሊሆን ይችላል፤ ስልኩ ግን ሊሸጥ ወይም ሊጠፋ ይችላል። ሒሳቡ ከመከፈሉ በፊት አካውንቱ በባለቤቱ ስም ይሁን፣ ዋናው የአድሚን የይለፍ ቃል በባለቤቱ እጅ ይቀየር። ለወንድም፣ ለእኅት ወይም ለግቢው ጠባቂ ማየት ብቻ የሚችል የተለየ ተጠቃሚ ይከፈትላቸው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ይህን ሁሉ ዛሬ መፈተን ይቻላል። የስልክዎን ዋይፋይ አጥፍተው በሞባይል ዳታ መተግበሪያውን ይክፈቱ፤ ያለፈውን ሳምንት ምስል ያጫውቱ፤ በላዩ የተጻፈውን ሰዓት ከእጅ ሰዓትዎ ጋር ያመሳክሩ፤ የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር ያንብቡ። የማያውቁት ስም ካገኙ ወዲያው ይሰርዙትና የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ።