ጠላቱ የመሰከረለት መኮንን

ሰሞኑን ከተማሪዎቻችን አፍ የማይጠፋ አንድ ስም አለ፤ ብራሲዳስ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው «አሳሲንስ ክሪድ ኦዲሴ» በተባለው የቪዲዮ ጌም ውስጥ የሚታይ የስፓርታ የጦር መኮንን ነው። «ቲቸር፣ እውነት ነበረ እንዴ?» ብለው ይጠይቁናል።

አዎ፣ ነበረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ424 አምፊፖሊስ የተባለችውን ከተማ ከአቴናውያን እጅ አወጣ፤ በ422 እዚያው ሲዋጋ ሞተ። በጌሙ ውስጥ የሚገድለው ዴይሞስ ግን የፈጠራ ሰው ነው።

ስለ ብራሲዳስ አብዛኛውን የምናውቀው ቱሲዲደስ ከጻፈው ታሪክ ነው። ቱሲዲደስ የአቴና የጦር አዛዥ ነበር። ከተማዋን ለማዳን ሰባት መርከቦች ይዞ ገሠገሠ፤ ግን አልደረሰላትም። በዚህም ምክንያት 20 ዓመት ከአገሩ ተሰደደ። ያም ሆኖ የብራሲዳስን ጀግንነትና ለሰው ያለውን ርኅራኄ ሳይሸሽግ ጻፈ።

ይህ እኛንም ይመለከታል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ለሞት ያበቃቸውን ቁስል የቆሰሉባት መተማ ከገዳሪፍ ሩቅ አይደለችም። ልጆቻችን ያንን ጦርነት ከእኛ ቤት በአንድ መልክ፣ ከሱዳናውያን ጎረቤቶቻቸው ደግሞ በሌላ መልክ ይሰማሉ። ሁለቱም ቤት የሞተበትን ያስታውሳል።

ስለዚህ ወላጆች፣ ጌሙን ከልጃችሁ እጅ ከመቀማታችሁ በፊት አብራችሁት ተቀመጡና ይህን ጠይቁት፦ «ይህን ታሪክ የነገረን ማን ነው? ሌላው ወገንስ ምን ይላል?» እኛም በክፍል ውስጥ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።