የጎንደሩ የቡድን ሥልጠና

በ1953 እ.ኤ.አ. በጎንደር አቅራቢያ በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጀ። በቀጣዩ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ኮሌጁ በጅምሩ ያሠለጠነው ሐኪም ሳይሆን ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒተሪያን (የአካባቢ ንጽህና ባለሙያ) ነው። ከሁሉ የሚደነቀው ደግሞ ተማሪዎቹን በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ መላኩ ነው።

ቡድኑ ቤት ለቤት እየዞረ የአካባቢውን የጤና ችግር ያጠናል፣ የትኛው እንደሚቀድም ይመርጣል፣ መፍትሔውንም አብሮ ይሞክራል። የሕፃናት ተቅማጥ በዝቷል እንበል። ነርሷ እናትየዋ ልጇን ምን፣ እንዴትና በምን ዕቃ እንደምትመግብ ታያለች፤ ሳኒተሪያኑ ምንጩንና መጸዳጃውን ይመረምራል፤ የላቦራቶሪ ባለሙያው ተሕዋሱን ይለያል፤ ጤና መኮንኑ የሕሙማኑን መዝገብ ያገላብጣል። ለየብቻ ቢያጠኑት እያንዳንዱ የችግሩን አንድ ጎን ብቻ ይዞ ይመለስ ነበር።

ከዚህ የቡድን አሠራር በተቃራኒ በብዙ የጤና ምርምሮች ነርሶች የሚጠሩት መጠይቅ ለማስሞላት ነው፤ ይህ ትልቅ ብክነት ነው። ከታማሚው አጠገብ ረጅም ሰዓት የሚቆዩት እነርሱ ስለሆኑ ገና የጥናቱ ጥያቄ ሲቀረጽ አብረው ሊቀመጡ ይገባል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች የጤና ትምህርት ተቋማት የቡድን ሥልጠና ላይ የምትወጡ ተማሪዎች ነርሶችን ጥያቄ በመቅረጹ ማሳተፍን ከመጀመሪያው ስብሰባችሁ ጀምሩት።