የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማህበራት በመልሶ ማልማት ወቅት፡- ባለመብቱ ማነው?

የከተማ ነዋሪው፣ በተለይም በወር ደመወዝ የሚተዳደረው የመንግሥት ሠራተኛ፣ የቤት ባለቤት ለመሆን ለረጅም ዓመታት ከተጠቀመባቸው አማራጮች አንዱ በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማህበር መደራጀት ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ ማህበራት ቦታ በምሪት እየተሰጣቸውና ከቤቶችና ቁጠባ ባንክ እየተበደሩ በርካታ መንደሮችን መሥርተዋል።

መሰል መንደሮች በመልሶ ማልማት ክልል ውስጥ ሲገቡ ግን የይዞታው ባለመብት ማህበሩ ነው ወይስ አባሉ የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው የሚመነጨው ጉዳዩ በአንድ ሕግ ብቻ የማይዳኝ በመሆኑ ነው።

የማህበሩ ሕልውና የሚመራው በኅብረት ሥራ ማህበራት ሕግ ነው። አዋጅ ቁጥር 147/1991ም ሆነ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 ለተመዘገበ ማህበር የሕግ ሰውነት ይሰጣሉ። ቦታው ግን በ1986 ዓ.ም. በተጀመረው የሊዝ ሥርዓት ውስጥ የሚታይ ሲሆን፣ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነባር ይዞታዎች ወደ ሊዝ የሚገቡበትን አቅጣጫ አስቀምጧል። ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ማሻሻያ የተደረገበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተፈጻሚ ይሆናል።

በመሆኑም የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው በማህበሩ ስም እንዳለ ቤቶቹ ለአባላት ከተከፋፈሉና ማህበሩም አመራሩን ሳይመርጥ ዓመታት ካለፉ፣ የመነሻ ትዕዛዙን የሚቀበልም ሆነ በካሳው ስሌት ላይ የሚፈርም ሕጋዊ ተወካይ ይታጣል። አባሉ ቤቱን ሸጦ ስመ ሀብቱ ሳይዛወር ከቀረም ሻጭና ገዢ ለክርክር ይዳረጋሉ።

ችግሩን አሳሳቢ የሚያደርገው ከካሳው ባሻገር የሚታጣው ዕድል ጭምር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረትን መውሰድ የሚችለው ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ በመክፈል ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከዚህም አልፎ በመልሶ ማልማት ክልል የሚገኙ ባለይዞታዎች አቅሙ ካላቸው በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በጋራ የማልማት ቅድሚያ መብት እንዲኖራቸው ደንግጓል። በጋራ ለማልማት ተደራጅቶ የቆየ ማህበር የተሻለ ዝግጁነት ሊኖረው ሲገባ፣ ሰነዱ ያልተሟላ ከሆነ ግን መብቱን በወቅቱ ሊጠይቅ አይችልም።

ስለዚህ ማህበራት የልማት ማስታወቂያ ሳይደርሳቸው አስቀድመው ጠቅላላ ጉባዔ በመጥራት አመራራቸውን ማደስ፣ የአባላት መዝገባቸውን ማስተካከልና የካርታ ክፍፍሉን ማጠናቀቅ ይጠበቅባቸዋል። የኅብረት ሥራ፣ የመሬትና የይዞታ ምዝገባ ጽሕፈት ቤቶችም ባለጉዳዩን ከአንዱ ወደ ሌላው ከማመላለስ ይልቅ መረጃቸውን ማናበብ ይኖርባቸዋል። ይህ ሥራ ከመነሻ ትዕዛዙ በፊት ካልተከናወነ፣ ለዓመታት ቆጥቦ ቤት የሠራ ቤተሰብ መብቱን ሊያጣ፣ ልማቱም በክርክር ሊጓተት ይችላል።