ለቤት ስቴሪዮ የሚሆን የድምፅ መለወጫ አመራረጥ

በቁጥር የተመዘገበውን ዜማ አምፕሊፋየር ወደሚቀበለው የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመልሰው መሣሪያ «ዳክ» ይባላል። ይህን ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ በካርቶኑ ላይ የታተመውን ትልቅ ቁጥር ብቻ አይቶ ገንዘቡን ማሰር አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ1982 በጃፓን ለገበያ የቀረበው ሲዲ ድምፅን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ እየለካ በ16 ቢት ይመዘግባል፤ ይህም የሰው ጆሮ የሚሰማውን፣ እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ለመያዝ ይበቃል። ስለዚህ በሴኮንድ 192,000 ልኬት ይቀበላል የሚል ጽሑፍ ብቻውን ዋጋ ለመጨመር በቂ ምክንያት አይደለም። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው የገዢው አምፕሊፋየር በውስጡ መለወጫ ያለው እንደሆነ፣ መሰኪያው ዩኤስቢ ወይም ኦፕቲካል እንደሆነ፣ ኃይል ሰጪውም ለ220 ቮልት የተሠራ እንደሆነ ነው። መለወጫ ያለውን ገዢ «ሌላ አያስፈልግዎትም» ብሎ የሚመልስ ባለሱቅ የዕለቱን ትርፍ ቢያጣም ደንበኛውን ያተርፋል።