ዝናብ በማይነፍገው አካባቢ የቧንቧ ውኃ ለምን በፈረቃ ይደርሳል? የእንጅባራና የዳንግላ ነዋሪዎች ሊያውቁት የሚገባ

የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን በአገሪቱ ዝናብ ከማይነፍጋቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በአብዛኛው የዞኑ ደጋና ወይና ደጋ ክፍል የዓመቱ ዝናብ ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ከከፍታዎቹ የሚነሡ ጅረቶች ግልገል ዓባይን እየተቀላቀሉ ጣና ይገባሉ፤ ከእንጅባራ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች እንደተራቁም የዘንገና ሐይቅ ይገኛል። ይሁንና በጋው ሲገፋ በዞኑ ከተሞች ጄሪካን አሰልፎ የፈረቃ ቀን መጠበቅ፣ ሌሊት ተነሥቶ ቧንቧ መሞከር የተለመደ ኑሮ ይሆናል። በዚህ ላይ ጓሮ አትክልት፣ ሣርና አበባ በቧንቧ ውኃ ማጠጣት እንዲቆም ማሳሰቢያ ሲመጣ ቅሬታው ይበረታል። መንገድ ላይ የተሰበረ መስመር ቀናት ሙሉ ሲፈስ እየታየ፣ ጎመን የሚያጠጣው ነዋሪ ለምን ይጠየቃል የሚለው ጥያቄ ከየሰፈሩ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ሁለት ክፍል አለው።

አስቀድሞ የዝናቡን ነገር ማጥራት ያስፈልጋል። የዞኑ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የሚወርድ ሲሆን፣ የከተማ ነዋሪ የሚጠጣው ደግሞ በቀጥታ ዝናቡን ሳይሆን ከጉድጓድና ከምንጭ የሚገኘውን የከርሰ ምድር ውኃ ነው። በዳንግላ ወረዳ ዳንግሽታ ቀበሌ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ አርሶ አደሮች ከተመራማሪዎች ጋር በመተባበር የዝናቡን፣ የወንዙንና የእጅ ጉድጓዶችን የውኃ መጠን እየለኩ መዝግበዋል። ጉድጓድ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር በቁጥር ያስቀመጠ ሥራ ነው፤ ጉድጓዱ በክረምት ማብቂያ ይሞላል፣ ከዚያ ወዲህ ደረጃው ዝቅ እያለ ይሄዳል። የከተማ ጥልቅ ጉድጓድ ከዚህ የተሻለ ይጽናል፤ ሆኖም ውኃውን ወደ ላይ የሚያወጣው ፓምፕ ነው፤ ፓምፑ ደግሞ ያለ መብራት አይሠራም። መብራት ለግማሽ ቀን ሲቋረጥ ማጠራቀሚያው ሳይሞላ ያድራል፤ በማግሥቱ ተረኛ የነበረው ሰፈርም ተራው ያልፈዋል።

የተጠቃሚው ቁጥርም እንደ ቀድሞው አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ እንጅባራም ሆነች ዳንግላ እያንዳንዳቸው ከ20 ሺህ በላይ፣ ከ25 ሺህ በታች ነዋሪ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ እንጅባራ፣ ነባሮቹ ኮሶበር የሚሏት ከተማ፣ የዞኑ መቀመጫ ከመሆኗም በላይ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል፤ ሁለቱም ከተሞች ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ በመሆናቸው ሆቴሉ፣ ግንባታውና የመኪና እጥበቱ በዝቷል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል እንግዳ የሚያጎርፈውም ጉድጓዱ ዝቅ ማለት በጀመረበት የበጋ ወቅት ላይ ነው።

በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተቀመጠው ደረጃ ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ነዋሪ ላለው ከተማ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር፣ ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ነዋሪ ላለው ደግሞ 60 ሊትር ነው። 50 ሊትር ማለት ሁለት ጄሪካን ተኩል ነው። የደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን ግድቦቿ ሊደርቁ በተቃረቡበት በ2010 ዓ.ም. በነዋሪዎቿ ላይ የጣለችው የአስቸኳይ ጊዜ ገደብም በሰው በቀን 50 ሊትር ነበር። በዚያ የችግር መጨረሻ የተባለው መጠን በእኛ ከተሞች ሊደረስበት የታቀደ ግብ መሆኑ፣ ነዋሪው እያንዳንዷን ሊትር ለምን እንደሚቆጥር ያስረዳል።

የሣርና የጓሮ ገደቡ ምክንያት

በበጋ ሣር ለምልሞ እንዲቆይ በካሬ ሜትር በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውኃ ይፈልጋል። መቶ ካሬ ሜትር ሣር ያለው ግቢ በዚህ ስሌት እስከ 500 ሊትር፣ ማለትም የአሥር ሰው የቀን ድርሻ ይወስዳል። ነገር ግን ከመጠኑ ይልቅ የሚከብደው ሰዓቱ ነው። ውኃ በፈረቃ ሲለቀቅ ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ይቀዳል፤ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ውስን በመሆኑ ዝቅ ባለው ሰፈር የተከፈተ ጎማ ከፍ ባለው ሰፈር የሚገኘውን ቧንቧ ያደርቃል። ጎማው በደቂቃ 15 ሊትር ቢያፈስ በግማሽ ሰዓት 450 ሊትር ይሄዳል፤ ኮረብታው ላይ ያለችው እናት በዚያው ግማሽ ሰዓት አንድ ጄሪካን እንኳ ሳትሞላ ፈረቃው ሊያልፋት ይችላል። ከመንገድ መስመር በግል ፓምፕ በቀጥታ መሳብ ከዚህም የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

የሕግ መሠረቱም ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ከማናቸውም ሌሎች የውኃ አጠቃቀሞች በፊት ለቤት ውስጥ ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል። ይህ ቅድሚያ በግለሰብ ግቢ ብቻ የሚያበቃ መሆን የለበትም። በቅርብ ዓመታት በከተሞች የተስፋፋው የመንገድ ዳር ሣርና አበባ ውኃ ይፈልጋል፤ ቦቴው የተጣራ የመጠጥ ውኃ ቀድቶ የሚያጠጣ ከሆነ ጓሮውን ያደረቀ ነዋሪ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ለዚህ ሥራ የወንዝ፣ የክረምት ማቆሪያ ወይም ታክሞ የወጣ የፍሳሽ ውኃ መጠቀም ይቻላል።

ያረጀው መስመር

የመልሱ ሁለተኛ ክፍል በመሬት ውስጥ የተቀበረ ነው። በደቂቃ አንድ ሊትር የሚያፈስ፣ ዓይን የማይገባ ቀዳዳ በቀን 1,440 ሊትር ወይም 72 ጄሪካን ያባክናል፤ ከላይ ከተጠቀሰው የመቶ ካሬ ሜትር ሣር ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ወር ሙሉ ሳይጠገን ቢቆይ ከ43 ሜትር ኩብ በላይ ይደርሳል። የድሮ የብረት ቧንቧ ከውስጥ በዝገት ይጠባል፣ ከውጭ ይበላል፤ በየጊዜው የተቀጠለ መገጣጠሚያም ይላላል። ስለዚህ ነዋሪው በመንገድ ላይ የሚያየው ፍሳሽ ከጓሮው ይበልጣል ሲል ሒሳቡ ትክክል ነው።

ፈረቃው ራሱ ደግሞ እርጅናውን ያፋጥናል። የደረቀ መስመር በድንገት ሲሞላ የሚፈጠረው የግፊት ምት መገጣጠሚያዎችን ይሰብራል። መስመሩ ባዶ በሚሆንበት ሰዓትም በዚያው ቀዳዳ ከአፈሩ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ መጀመሪያ የሚመጣው ውኃ የሚደፈርሰውም በዝገቱና በዚህ ምክንያት ነው። ከውኃው ቀድሞ የሚወጣው አየር ቆጣሪ ሊያዞር እንደሚችልም የታወቀ ነው፤ በዚህ ረገድ የሚቀርብ ቅሬታ እንደ ተራ ወሬ ሊታይ አይገባም። ከሁሉም በላይ ስውር ፍሳሽ የሚገኘው ሰው በተኛበት ሌሊት በመስመሩ የሚያልፈውን ውኃ በመለካት ሲሆን፣ ውኃ በሌለበት ሌሊት ይህን መለኪያ መጠቀም አይቻልም። ጉድጓድ መጨመር ብቻውን ችግሩን የማይፈታውም ለዚህ ነው፤ አዲሱ ውኃ የሚጓዘው በዚያው በሚያፈስ ቧንቧ ነው።

ነዋሪው ምን ያድርግ?

ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመር የከተማው የመጠጥ ውኃና ፍሳሽ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት፣ ከቆጣሪው በኋላ ያለው ደግሞ የደንበኛው ኃላፊነት ነው። ፈረቃ በደረሰበት ሰዓት በቤት ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዘግቶ ቆጣሪውን መመልከት በቂ ምርመራ ነው፤ ቆጣሪው ከዞረ ፍሳሹ በግቢ ውስጥ አለ። የሽንት ቤት ማጠራቀሚያ ተንሳፋፊ መዝጊያው ሲበላሽ ድምፅ ሳያሰማ ያፈስሳል፤ ሮቶም ሞልቶ እንዳይፈስ ተመሳሳይ መዝጊያ ሊገጠምለት ይገባል።

ጓሮውን ጨርሶ ማድረቅ ግን ግድ አይደለም። መጀመሪያ የሚመጣውን ድፍርስ ውኃ በባልዲ ይዞ፣ እንዲሁም የልብስና የዕቃ ማለቅለቂያውን ለጌሾውና ለአበባው ማዋል ይቻላል፤ ሳይበስል የሚበላ ቅጠል ላይ ግን የሳሙና ውኃ አይፈስስም። በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደው ውኃም ቀላል አይደለም፤ 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ እስከ 400 ሊትር ይገኛል። የእጅ ጉድጓድ ያላቸው ለአትክልት ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ከሽንት ቤት አጠገብ የተቆፈረ ከሆነ ግን ሳይታከም ለመጠጥ አይሆንም።

የተሰበረ መስመር ሲታይ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ ለአገልግሎት ጽሕፈት ቤቱ ማስመዝገብና የመዝገቡን ቁጥር መያዝ ይመረጣል። ፈረቃው በተነገረው ቀን የማይደርስ ከሆነም ውኃ የመጣበትንና የጠፋበትን ሰዓት ለጥቂት ሳምንታት መመዝገብ ቅሬታውን ያጠናክረዋል። የቢል ጥያቄ ያለው ደንበኛ የቅርብ ወራት ደረሰኞቹን ይዞ የቆጣሪ ምርመራ መጠየቅ ይችላል። በጽሕፈት ቤቱ መልስ ያልረካ ሰው ጉዳዩን አገልግሎቱን ለሚመራው የውኃ ቦርድ፣ ቀጥሎም ለከተማው አስተዳደር ያቀርባል፤ በእነዚህም መፍትሔ ካላገኘ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የባሕር ዳር ቅርንጫፍ አቤቱታውን ይቀበላል።