ዝም ያለው ልጅስ?

በደባርቅ ገበያ አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን ከረሜላ ተከልክሎ መሬት ላይ ሲንፈራፈርና እሪ ሲል አላፊ አግዳሚው ምክሩን አይነፍግም። «ቆንጥጪው፣ ኋላ ባለጌ ይሆናል» ይላል አንዱ። «ቡዳ በልቶት እንዳይሆን» ትላለች ሌላዋ። ከጧት እስከ ማታ ሳይጠይቅና ሳያስቸግር እናቱ ጉያ የተቀመጠው እኩያው ግን ምርቃት ይጎርፍለታል፤ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ስጋታችንንም ምስጋናችንንም ያለቦታቸው አስቀምጠናል። እሪ የሚለው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። በተፈጥሮው ረጋ ያለ ልጅ መኖሩ እውነት ቢሆንም፣ ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ዝም ያለው ነው።

ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ የልጅ ፈቃድ ከአቅሙ ይቀድማል። ይራመዳል፣ የሚፈልገውን ያውቃል፣ የሚናገርበት ቃል ግን ገና ጥቂት ነው። ስሜትን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እድገቱን የሚጨርሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ «እምቢ» ሲል፣ ሲነክስ፣ የያዘውን ሲወረውር ወላጁን እየናቀ አይደለም። ከድንጋይና ከእሳት አርቆ አጠገቡ መቆየት፣ ሲበርድለት «ከረሜላው ስለቀረብህ ተናደድህ» ብሎ ስሜቱን መንገር፣ የተከለከለውን ግን አለመስጠት ይበጃል። ቁንጥጫ ዝም ያሰኘዋል፤ ቁጣውን እንዴት እንደሚይዝ ግን አያስተምረውም።

በሦስትና በአራት ዓመቱ ወተት ደፍቶ «ድመቷ ናት» ይላል። እሱ የሚያውቀውን ሌላው ላያውቅ እንደሚችል መረዳት የሚጀምረው በዚህ ዕድሜ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ውሸት አእምሮው እያደገ መሆኑን ያሳያል። ታናሽ ሲወለድበት ደግሞ ጡት የጣለውና ከአንቀልባ የወረደው ልጅ እንደገና ልብሱ ላይ ይሸናል፣ ሕፃኑን ይቆነጥጣል። ለብቻው የሚሰጠው ጥቂት ጊዜ ከቅጣት ይልቅ ያረጋጋዋል። የማታ ፍርሃትም የዚሁ ዕድሜ ነው። ጅብ ሌሊት ደጅ ድረስ በሚጮህበት በሰሜን ተራሮች ግርጌ «ጅብ መጣልህ!» ማለት ለልጁ ማስፈራሪያ ብቻ አይደለም፤ እውነት ነው።

ታዛዥነትን የምንወደው ያለ ምክንያት አይደለም። በደጋው ገበሬ ቤት ልጅ አምስት ስድስት ዓመት ሲሞላው ግልገል ይከተላል፣ ለእንግዳ ውኃ ያቀርባል። ገደልና አውሬ ባለበት አገር «ና» ሲሉት የሚመጣ ልጅ ከሞት ይተርፋል። ሆኖም የስድስት ዓመቱን ጠባይ ከሁለት ዓመቱ መጠበቅ ልጁንም እናቱንም ያደክማል። ሕጉም እንደ እኛው ያመነታል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ከአካል ቅጣት ሲጠብቅ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ለአስተዳደግ ተብሎ የሚወሰድን፣ ሕግን የማይቃረን ቅጣት ከወንጀል ውጭ አድርጎታል።

ዝምታው ከየት ይመጣል? አንዱ ምንጭ ረኀብ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአማራ ክልል ሕፃናት 46 ከመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ የአገሪቱ አማካይ 38 ከመቶ ነበር። በቂ ያልበላ ልጅ አይሮጥም፣ አይጠይቅም፤ ጨዋ ይመስላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ በደባርቅ ጎረቤት ዳባት ባለው የምርምር ጣቢያው ልደትና ሞት እየመዘገበ ስለ አካባቢው ሕፃናት ብዙ አሳውቆናል። ልጁ እንዴት እንደሚጫወት ግን በየቀኑ የሚያየው ወላጅ ነው። የጨዋታን ዋጋ ጃማይካ አሳይታለች። በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በኪንግስተን በተጀመረ ጥናት የጤና ሠራተኞች ከ129 የቀነጨሩ ሕፃናት ወደ ከፊሎቹ ቤት በየሳምንቱ እየሄዱ፣ በቤት በተሠሩ መጫወቻዎች እናቶች ከልጆቻቸው ጋር እንዲጫወቱ ለሁለት ዓመት አስተማሩ። ከ20 ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች ይህ ዕድል ካልደረሳቸው ይልቅ ሩብ ያህል የበለጠ ገቢ ያገኙ ነበር። የጨርቅ ኳስና ባዶ ጣሳ ዳባትም አይጠፋም።

ሌላው ምንጭ ጦርነት ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ በዳባት ወረዳ ጭና ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙ ቤተሰብም ተፈናቀለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በተነሣው ግጭት በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ተኩስ የሰማ ሕፃን መኝታውን ያረጥባል፣ የእናቱን ቀሚስ አይለቅም፣ ቀብርና ጦርነት ይጫወታል። ጨዋታው ሟርት ስላልሆነ አይከልክሉት፤ ያየውን የሚያብላላው በዚያ ነው። መጫወት ሲተው ግን ያሳስባል።

ቅድመ መደበኛ ክፍል የሚገባ ልጅም ይኸው ልጅ ነው። አገሪቱ በ2002 ዓ.ም. የቀዳማይ ልጅነት ፖሊሲ ማዕቀፍ አውጥታለች። ክፍል መክፈት ትልቅ እርምጃ ሆኖ ሳለ፣ የአራት ዓመት ልጅን ለረጅም ሰዓት አስቀምጦ ፊደል ማስጮህ ግን ዕድሜውን መርሳት ነው።

በስሙ ሲጠሩት የማይዞር፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል የማያጋጥም፣ ወይም ይናገር የነበረውን የተወ ልጅ «ጊዜ ይፈታዋል» ተብሎ አይተው። ጆሮውም እድገቱም በሐኪም ይታይ። ጤና ኬላ ሲሄድ ክብደቱ እንደሚለካ ሁሉ፣ እናቱ «ይጫወታል? ይናገራል?» ተብላ ትጠየቅ። ካልተጠየቀችም እሷው ለጤና ባለሙያዎቹ ትንገራቸው።